ጡቡ ወደ መስታወት ሲለወጥ፦ ሱቅ የሆነ መኖሪያ ቤትና የጅማ የነጋዴ ፎቆች
(በጅማ ከተማ የተደረገ ንግግር ጽሑፍ)

ክቡራትና ክቡራን፤ የከተማችን ነዋሪዎች፣ የንግዱ ማኅበረሰብ አባላት፣ የሥነ ሕንፃና የምሕንድስና ተማሪዎች፤

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቤት የፊት ግድግዳ ነው። ቤቱ የሚገኘው በኔዘርላንድ ዋና ከተማ በአምስተርዳም፣ ፔ.ሴ. ሆፍትስትራት በተባለው ጎዳና ላይ ሲሆን፣ ጉዳዩን ለዚህ ጉባኤ የመረጥሁት ግን በከተማችን በጅማ ያሉትን የሒርማታ መርካቶንና የፈረንጅ አራዳን ሠፈሮች የቆዩ ፎቅ ቤቶች እያሰብሁ ነው። ሁለቱን ከተሞች አንድ ጥያቄ ያገናኛቸዋል፦ ሰው እንዲኖርበት የተሠራ የጡብ ቤት ሱቅ እንዲሆን ሲፈለግ፣ መንገዱን የሚያየው የምድር ቤቱ ግድግዳ ምን ይደረግ?

ነጋዴው የሚፈልገው ግልጽ ነው። ዕቃው ከመንገድ ሊታይለት፣ ደንበኛውም ሳያመነታ ሊገባለት ይገባል። የጡብ ግድግዳ ግን ጸንቶ የሚቆመው በክብደቱና በሙሉነቱ ነው። በድሮ የጡብ ቤቶች መስኮቱ ጠባብና ረጅም ሆኖ የምናየው የዘመኑ ወግ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያለው ግድግዳ፣ ወለልና ጣሪያ ሸክሙን ወደ መሠረቱ የሚያወርደው በመስኮትና በመስኮት መካከል በቀረው የግድግዳ ክፍል በኩል ስለሆነ፣ ያ ክፍል ሰፋ ብሎ መቅረት ነበረበት። ጡብ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ወይም ሲያጎብጡት ግን ይሰነጠቃል። በዚህም ምክንያት ከመስኮቱ ራስ ላይ ቅስት ይሠራል ወይም ጉበን፣ ማለትም ከክፍተቱ በላይ የሚጋደም ተሸካሚ፣ ይገባል፤ ቅስቱ ከላይ የመጣውን ክብደት ለግራውና ለቀኙ ዓምድ ያካፍላል፣ ዓምዱ ደግሞ ለመሠረቱ ያስረክባል። እንግዲህ ሱቅ ለመክፈት የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ዓምድ ነው።

የዓምዱ መፍረስ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንመልከተው። በአገራችን የተለመደው ጠጣር የሸክላ ጡብ ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ባለ አንድ ጡብ ግድግዳ ውፍረቱ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የእንዲህ ዓይነቱ ግድግዳ አንድ ካሬ ሜትር ወደ 450 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የላይኛው ፎቅ ግድግዳ ከፍታው 3 ሜትር ቢሆንና ከሥሩ 5 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ለማስገባት ብንፈልግ፣ የመስኮቶቹን ክፍተት ሳንቀንስ፣ ያ አዲስ ክፍተት ከበላዩ ከ6 ቶን ተኩል የሚበልጥ ግድግዳ ተንጠልጥሎ ይጠብቀዋል፤ ወለሉና ጣሪያው በዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም። ቀድሞ ይህ ክብደት በግድግዳው ርዝመት ሁሉ ተበትኖ ወደ መሠረቱ ይወርድ ነበር። ከፈረሰ በኋላ ግን አንድ ተሸካሚ ይገባና ሁሉም በሁለት ጫፎች ላይ ይከማቻል፤ በእነዚያ ጫፎች ሥር ያለው አፈር ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ክምችት አልተዘጋጀም። በአዌቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ባለው ዝቅተኛ መሬት ላይ የሚሠራ ግንበኛ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

አሁን ወደ አምስተርዳም ልመለስ። ፔ.ሴ. ሆፍትስትራት ስሙን ያገኘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረ ሆፍት ከተባለ ባለቅኔ ነው። የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 ከተከፈተው ከታላቁ የአገሪቱ ቤተ መዘክር ከራይክስሙዜየም አጠገብ ሲሆን፣ ሠፈሩ የተገነባው በዚያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ቤቶቹ በግድግዳ ተያይዘው የተደረደሩ፣ ጠበብ ብለው ወደ ላይ የረዘሙ፣ ፊታቸው በቀይ ጡብ የተገነባ መኖሪያዎች ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ምድር ቤታቸው አንድ በአንድ ወደ ሱቅ ተለወጠ፤ ዛሬ ጎዳናው በኔዘርላንድ እጅግ ውድ የሆኑ ልብሶችና ቦርሳዎች የሚሸጡበት ነው። ሱቅ በሆኑ ቁጥር ታችኛው ፊታቸው እየተቆረጠ በሰፊ መስታወት ስለተተካ፣ ከላይ የጡብ ቤት፣ ከታች የየትኛውም ከተማ ሱቅ የሚመስል ፊት ይዘው ቀሩ። ይህ በዓለም ላይ ባሉ የገበያ ጎዳናዎች ሁሉ የሚታይ ነገር ነው፤ እኛም ዘንድ አለ።

በሮተርዳም የሚገኘው ኤም.ቪ.አር.ዲ.ቪ. የተባለው የሥነ ሕንፃ ቢሮ በዚህ ጎዳና ላይ ሻኔል የተባለውን የፈረንሳይ የፋሽን ድርጅት ሱቅ እንዲነድፍ ሥራው ሲሰጠው ያቀረበው መፍትሔ ያልተለመደ ነበር። የነባሩን ቤት ፊት መስኮቱን፣ የመስኮቱን መቃን፣ ከመስኮቱ በላይ ያለውን ጉበን፣ የጡቡን አደራደር ሳይቀር ቀድቶ፣ ነገር ግን ከሸክላ ሳይሆን ከመስታወት ሠራው። ከታች ግድግዳው ፍጹም ብርሃን አስተላላፊ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ በመስታወቱ ጡቦች መካከል የሸክላ ጡብ እዚህም እዚያም ጣልቃ እየገባ፣ እየበዛ ሄዶ፣ በላይኛው የመኖሪያ ክፍል ላይ ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ቀይ የሸክላ ግድግዳ ይሆናል። ከላይ የሸክላ ግድግዳ እንዲኖር የከተማው የውበት ደንብ ያስገድድ ነበር። ንድፍ አውጪዎቹ ግዴታውን ተቀብለው፣ ሁለቱ ቁሶች የሚገናኙበትን ቦታ የሥራው ዋና ነገር አደረጉት። በእኔ ግምት የቤቱ ብልሃት ሁሉ ያለው በዚያ መገናኛ ላይ ነው፤ መስታወቱ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ቢቆም ኖሮ ውጤቱ ከጎረቤቶቹ የተለየ አይሆንም ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 ተጠናቀቀ፤ ስሙም «ክሪስታል ሃውስስ» ተባለ።

የመስታወት ጡብ ሲባል ብዙዎቻችን በመታጠቢያ ቤትና በደረጃ ክፍል የምናየው ውስጡ ባዶ የሆነው ካሬ መስታወት ይታወሰን ይሆናል። የዚህ ቤት ግን ጠጣር ነው። በጣሊያን፣ ከቬኒስ ብዙም በማትርቀው በሬዛና ከተማ የሚገኝ ፖኤዚያ የተባለ አምራች የቀለጠ መስታወት በእጅ ወደ ቅርጽ ማውጫ እያፈሰሰ እያንዳንዱን ሠርቶታል። የትልቁ ጡብ ልክ 210 በ210 በ65 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ክብደቱ 7 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቀልጦ የፈሰሰ ወፍራም መስታወት በፍጥነት ከቀዘቀዘ ውጪው ሲደርቅ ውስጡ ገና ትኩስ ስለሚሆን በውስጡ ጭንቀት ይቀራል፣ ቆይቶም ይፈነዳል። ሸክላ ሠሪዎቻችን ማሰሮውን ከእሳት አውጥተው ወዲያው ነፋስ እንደማያስመቱት ሁሉ፣ እነዚህም ጡቦች ሙቀቱ በሥርዓት በሚቀነስበት ምድጃ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያሉ። ለመላው ግድግዳ 6,500 ያህል ጡብ አስፈልጓል። የተበላሸው ጡብ አይጣልም፤ ተመልሶ ይቀልጥና እንደገና ይፈስሳል።

በግንባታው ላይ የገጠመውን ችግር ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ብናገር ለግንበኞቻችንም ለተማሪዎቻችንም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። በተለመደው የጡብ ግንባታ በጡብና በጡብ መካከል የሚገባው ሙሌት ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሙሌቱ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ማያያዝ ነው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን፣ እርሱም የጡቡን ጉድለት መሸፈን ነው። አንዱ ጡብ በ3 ሚሊ ሜትር ቢያጥር ግንበኛው ሙሌቱን ወፈር አድርጎ ያስተካክለዋል፤ የድሮ ጡብ ሁሉ ጎባጣና ወጣ ገባ ሆኖ ሳለ ግድግዳው በቱንቢ ቀጥ ብሎ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በአምስተርዳሙ ቤት ግን ሲሚንቶም ኖራም መጠቀም አይቻልም ነበር፤ ብርሃን አያስተላልፍምና። በምትኩ የገባው ከጀርመን የመጣ፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚጠነክር ጥርት ያለ ማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው ሙሉ ጥንካሬውን የሚሰጠው ውፍረቱ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ የማንንም ጡብ ጉድለት ሊሸፍን አይችልም። በዚህም የተነሳ የእያንዳንዱ ጡብ ልክ ከተወሰነለት በሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ እንዳይወጣ ተወሰነ። በአንድ ረድፍ ላይ የተፈጠረች ኢምንት ስሕተት በላዩ በሚደረደሩት ረድፎች ሁሉ እየተደመረች ትሄዳለች፤ ማንም አያርማትም።

የመጀመሪያው ረድፍ ፍጹም ውሃ ልክ መሆን ስለነበረበት የሚለካበት ዘዴ ራሱ ጥያቄ ሆነ። የመስታወት ገጽ ላይ የሚሰነዘር ጨረር አልፎት ስለሚሄድ የመለኪያ መሣሪያዎች ያስቸግራሉ። መፍትሔው ከመሐንዲስ ቢሮ የሚጠበቅ አልነበረም፤ ወተት ነበር። ወተት ያረፈበት ገጽ ብርሃን ስለማያሳልፍና ስለሚያንጸባርቅ፣ የረድፉን ልክነት አጋለጠ። ማጣበቂያው የፀሐይ ብርሃን እንደነካው መጠንከር ስለሚጀምር ሥራው የተካሄደው ብርሃኑንና አቧራውን በሚከላከል ድንኳን ውስጥ ሲሆን፣ ከ6 እስከ 10 የሚሆኑ ባለሙያዎች አንድ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። የግድግዳው ስፋት 10 ሜትር፣ ቁመቱ 12 ሜትር መሆኑን ስናስብ፣ በሸክላ ጡብ ቢሆን የትኛውም የጅማ ግንበኛ በጥቂት ሳምንት የሚጨርሰው ሥራ ነው።

ግድግዳው ይችላል ወይ የሚለውን የመረመሩት የዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። በፈተናው መሠረት የመስታወት ጡብና ማጣበቂያው ተጣምረው በብዙ ረገድ ከኮንክሪት የበለጠ ጥንካሬ አሳይተዋል፤ ከመስታወት ብቻ የተሠራው የመስኮት ጉበን እስከ 42,000 ኒውተን፣ ማለትም ከ4 ቶን በላይ፣ ሊሸከም እንደሚችል ተረጋግጧል። ግድግዳው በውስጡ ብረት የለውም፤ የራሱን ክብደት ራሱ ይሸከማል፣ ነፋስ እንዳይገፋው ደግሞ ከበስተኋላው በዚያው በመስታወት ጡብ የተገነቡ አራት ደጋፊ ግንቦች ከእርሱ ጋር ተቆላልፈው ቆመዋል። ደጋፊ ግንብ የድሮ ግንበኞች ዘዴ ነው። በዚህ ቤት ዘመናዊ የሆነው ቁሱ ሲሆን፣ የቆመበት ሕግ ግን የነበረው ነው፤ እኔን የሚስበኝም ይህ ነው። መኪና ሊገጨው እንደሚችል፣ ወይም ሆን ብሎ የሚሰብረው ሊኖር እንደሚችል ስለታሰበም፣ ከሥሩ ተከላካይ መሠረት ተደርጎለታል፣ አንድ የተሰበረ ጡብ ብቻውን ወጥቶ የሚተካበት አሠራርም ቀድሞ ተዘጋጅቷል።

ይሁን እንጂ ይህን ቤት እንደ ቅርስ ጥበቃ ምሳሌ የሚያቀርቡት ሰዎች ሲያጋጥሙኝ አልስማማም። ነባሩ ቤት ፈርሷል። አዲሱ ፊት ደግሞ የነባሩ ትክክለኛ ግልባጭ አይደለም፤ የከተማው የግንባታ ደንብ የበለጠ ከፍታ ስለፈቀደና ሱቁም ሰፊ ቦታ ስለፈለገ፣ መጠኑ ወደ ላይ ተስቧል። በቅርስ ጥበቃ ትምህርት ውስጥ ቁሱ፣ የእጅ ሥራው፣ ዕድሜው ራሱ ዋጋ አለው፤ እነዚህ ከጠፉ በኋላ የቀረው መልክ ነው። ቤቱ የጠበቀው የጎዳናውን ስልት ነው ብል ይቀርበኛል፦ የመስኮትና የግድግዳ ተራ፣ የቤቱን ስፋት፣ ከጎረቤት ጋር የሚጋጠምበትን መስመር። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ለአንድ ውድ ሱቅ የተከፈለ ወጪ መሆኑንም ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሻኔል ወጥቶ ኤርሜስ የተባለው ሌላው የፈረንሳይ ነጋዴ ገብቶበታል።

ወደ ራሳችን ቤቶች ስመጣ በመጀመሪያ አንድ ትልቅ ልዩነት መናገር አለብኝ። በአምስተርዳም ሱቅ የገባው ለመኖሪያ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው፤ በጅማ ግን የነጋዴው ቤት ገና ከጅምሩ ሱቅን በሆዱ ይዞ የተወለደ ነው። የሒርማታ ገበያ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከነገሡበት ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ባለው ረጅም ዘመን የደቡብ ምዕራብ ትልቁ መገናኛ ነበር፤ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ ከሁሉ የሚከፋውም የሰው ንግድ በዚያ አልፏል። በገበያ ዙሪያ የሚቀመጥ ነጋዴ ዕቃውን ጥሎ ርቆ አያድርም። ስለዚህ ከታች መሸጫ፣ ከኋላ መጋዘን፣ ከላይ ደግሞ መኖሪያ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት የከተማው መልክ ሆነ። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በቆዩበት ጊዜ ጅማን የአንድ ግዛት ዋና ከተማ አድርገው አዲስ ፕላን አወጡላት፤ የፕላኑ አንዱ ዓላማ ፈረንጁን ከአገሬው ለይቶ ማስፈር ስለነበር፣ በጎዳናዎቹ አቀማመጥ ላይ ያ መለያየት ዛሬም ሊነበብ ይችላል። ጡብ፣ ድንጋይና ሲሚንቶ በከተማው በብዛት የታዩትም በዚያ ጊዜ ነው።

የእነዚህ ቤቶች ግድግዳ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ከታች ድንጋይ ወይም የሸክላ ጡብ ሆኖ ከላይ እንጨት ነው፤ ሌላው በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ በልስን ተሸፍኗል። የሚመሳሰሉት በፊታቸው ነው። ከምድር ቤቱ ፊት በአጭር ርቀት የተተከሉ ቋሚዎች ይቆማሉ፤ በቋሚዎቹ መካከል ከእንጨት የተሠሩ ባለ ሁለት ተካፋች በሮች ተደርድረው ይገባሉ፤ ጠዋት ሁሉም ሲከፈቱ ሱቁ ከዳር እስከ ዳር ለመንገዱ ይገለጣል፣ ማታ ሲዘጉ ቤቱ ሙሉ ግድግዳ ይሆናል። ከላይ የተዘረጋው በረንዳ ወይም የጣሪያው ጥላ ደግሞ ገዢውንም ግድግዳውንም ከዝናብ ይጋርዳል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚያገኝ ከተማ ይህ ጥላ የቤቱ ዕድሜ ነው። የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ሰፋፊ በረንዳዎቹን ሲያስታውስ ያንኑ ሐሳብ በንጉሥ ልክ ተሠርቶ ያገኘዋል።

እንግዲህ አምስተርዳሞች በስንት የመስታወት ጡብ የፈቱትን ጥያቄ፣ ማለትም የፊቱን መልክ ሳያጠፉ ሱቁን ለመንገዱ መክፈትን፣ የጅማ አናጺ በቋሚና በበር ፈትቶት ነበር። ሸክሙ በቋሚዎቹ ይወርዳል፤ በሩ ምንም ስለማይሸከም እንደልብ ይከፈታል። የእኛ የነጋዴ ቤት የሚጎዳው ሱቅ በመሆኑ ሳይሆን ሱቁ በሚሰፋበት መንገድ ነው።

ለዚህ የባለቤትነት ታሪክም አስተዋፅዖ አድርጓል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትና የሚነግድበት ፎቅ ለብዙ ተከራይ ተከፋፈለ፤ ከታች ሦስት ሱቅ፣ ከላይ አራት ቤተሰብ ሆነ። ኪራዩ ለዓመታት ባለበት በመቆየቱ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም፤ ተከራዩም ነገ የእኔ ለማይሆን ጣሪያ ቆርቆሮ የሚገዛበት ምክንያት አላገኘም። ከዚያ በኋላ የመጣው ነጋዴ ቤቱን የሚያገኘው ተሰንጥቆ፣ ተከፋፍሎና ዘሞ ነው፤ ቢያፈርሰው ሁሉም ይረዳዋል።

በሥራ ላይ ሳለሁ ደጋግሜ ከማየው ጉዳት ውስጥ ሦስቱን ላንሳ። የመጀመሪያው የቋሚ ማውጣት ነው። ሻተር ለማስገባት ወይም ሁለት ሱቅን አንድ ለማድረግ መካከለኛው ቋሚ ወይም የጡብ ዓምድ ይቆረጣል፤ በምትኩ አንድ ብረት ይጋደምበታል፤ ብረቱ የሚያርፍበት ጫፍ ግን አይጠናከርም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። መጀመሪያ ከሥር መሠረቱ ይጠናከራል። ቀጥሎ ግድግዳውን አሳልፈው በሚገቡ አግዳሚዎችና በጊዜያዊ ድጋፎች የላይኛው ክብደት ይያዛል፤ ከዚያ ዓምዱ ይወጣል፣ ተሸካሚው ይገባል፣ በተሸካሚውና በላይኛው ግድግዳ መካከል የቀረው ክፍተት ጠንክሮ ይሞላል። ድጋፉ የሚነሳው ሙሌቱ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ኮንትራክተሩ ለሌላ ሥራ አጣና ስላስፈለገው አይደለም። ይህን ሁሉ ደግሞ የሕንፃ አዋጁ በሚጠይቀው ፈቃድና በመሐንዲስ ስሌት ማድረግ ይገባል።

ሁለተኛው የሲሚንቶ ልስን ነው፤ በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የሚያበላሸው ሰው እያሳመርሁ ነው ብሎ ስለሚያምን። በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ የቆየ ግድግዳ እርጥበት ከመሬትም ከዝናብም ይስባል፤ በደረቅ ወራት ደግሞ በገጹ በኩል ያስወጣዋል። ጠንካራ የሲሚንቶ ልስን ሲለበጥበት የመግቢያው መንገድ እንዳለ ሆኖ መውጫው ይዘጋል። ውሃው በጡቡ ውስጥ ይከማቻል፣ ጨው ይዞ ይወጣል፣ የሸክላውን ገጽ እየፈረፈረ ልስኑን ከኋላ ይገፋዋል፤ በግድግዳው ውስጥ እንጨት ካለ ደግሞ ምስጥና ብስባሽ ይሰለጥኑበታል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ ሲሰነጠቅ ባለቤቱ ሲሚንቶውን አብዝቶ ይደግመዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ግድግዳ የሚስማማው ከራሱ ከጡቡ ለስለስ ያለ የኖራ ልስን ነው፤ ኖራ በአገራችን ይመረታል፣ ዋጋውም ከሲሚንቶ ጋር ሲነጻጸር የሚያስፈራ አይደለም። የጠፋው የሚያውቀው እጅ ነው። በተለይ ሰልጣኞች እዚህ ስላላችሁ፣ ኖራ ማብላላትንና መለሰንን የሚያስተምር ሰው ፈልጋችሁ ተማሩ እላለሁ።

ሦስተኛው የሐሰት ፊት ነው። የቤቱ ጣሪያ እንደነበረው በተዳፋት ቆርቆሮ ሆኖ፣ ከፊቱ አሉኮቦንድ የተባለው የአልሙኒየም ሰሌዳ ወይም ከፍ ያለ ግንብ ይቆምና ጣሪያው ከመንገድ እንዳይታይ ይደረጋል። ቀድሞ ከግድግዳው ርቆ ወደ መንገድ ይወርድ የነበረው ውሃ አሁን ከግንቡ ጀርባ ባለ ጠባብ አሸንዳ ይሰበሰባል፤ አሸንዳው በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን ውሃው በቀጥታ ወደ ግድግዳው ራስ ይገባል። ጥላውም አብሮ ስለሚቆረጥ የምድር ቤቱ በርና ግድግዳ ለዝናብ ይጋለጣል። ነጋዴው ስሙን በጉልህ ለማሳየት የፈለገው ቦታ ብቻ ከሆነ፣ በበሩ ራስና በበረንዳው ወለል መካከል ያለው ተሸካሚ ጠርብ ለሰሌዳ ከበቂ በላይ ነው።

ታዲያ ከአምስተርዳሙ ቤት ምን እንውሰድ? መስታወቱን አይደለም፤ ለእኛ አይስማማንም፣ አያስፈልገንምም። መውሰድ ያለብን የአሠራሩን ጅማሬ ነው። እነዚያ ንድፍ አውጪዎች አንድ ነገር ከመንካታቸው በፊት የነባሩን ፊት ከጡቡ ረድፍ እስከ መስኮቱ መቃን በዝርዝር ለክተው አስቀርተዋል። በጅማ አንድ ቤት ሱቅ ሊታደስ ሲል ከመፍረሱ በፊት የፊቱ ስዕል በ1 ለ50 ልክ ቢነሳ፣ የቋሚዎቹ ርቀት፣ የበሮቹ ስፋት፣ የበረንዳው ከፍታ ቢመዘገብ፣ ሥራው የሁለት ተማሪዎች የሁለት ቀን ሥራ ነው። በቅርስነት ለተመዘገቡ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥገናውን በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ያዝዛል፤ አብዛኞቹ የነጋዴ ቤቶች ግን በመዝገብ ላይ ስለሌሉ ሕግ እስኪደርስላቸው ቢያንስ ስዕል ይድረስላቸው። አዲስ የሚሠራው ሱቅ በቁሱ ዘመናዊ ቢሆን እንኳ፣ ቋሚዎቹ በነባሮቹ ርቀት ከቆሙና በረንዳው ከጎረቤቱ በረንዳ ጋር ከተገጣጠመ ጎዳናው ስልቱን አይስትም።

በመጨረሻም ስለ ላይኛው ፎቅ። አምስተርዳም ላይ የላይኛው ክፍል መኖሪያ ሆኖ እንዲቀጥል ተደርጓል፤ በእኛ ከተማ ግን ነዋሪው ሲወጣ ክፍሉ መጋዘን እየሆነ ነው። ይህ ከምድር ቤቱ መፍረስ ያልተናነሰ አደጋ አለው፤ ከውጭ ስለማይታይ ደግሞ ማንም አይጠይቅበትም። በአሁኑ የግንባታ ስሌት ለመኖሪያ ወለል በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ያህል፣ ለሱቅ ከ400 እስከ 500፣ ለመጋዘን 750 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም ይታሰባል። የድሮው የእንጨት ወለል ሲሠራ ማንም በዚህ ሰንጠረዥ አልሠራም፤ የታሰበው አልጋ፣ ሳጥንና ሰው ነበር። 60 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከረጢት ቡና ሲጋደም ግማሽ ካሬ ሜትር ገደማ ይይዛል፤ እንግዲህ አንድ ድርብ፣ ማለትም በወለሉ ላይ አንድ ጊዜ የተነጠፈ ከረጢት፣ በካሬ ሜትር 120 ኪሎ፣ በላዩ ሲደገም ሁለት ድርብ 240 ኪሎ ነው። በሁለተኛው ድርብ ላይ የመኖሪያው ልክ አልፏል፤ በመጋዘኖቻችን ግን አምስትና ስድስት ድርብ እናያለን። ወለሉ ወዲያው አይወድቅም። መጀመሪያ መሐሉ ይጎብጣል፣ የወለሉ አግዳሚዎች በግድግዳው ውስጥ ያረፉበት ጫፍ ይለቃል፣ ግድግዳው ወደ ውጭ ይገፋል፣ ከታች ያለው የሱቅ በር መዝጋት እምቢ ይላል። በሩ ሲያስቸግር አናጺ ተጠርቶ ከሥሩ ይላጋል፤ በዚህ ጊዜ መጠራት የነበረበት ግን መሐንዲስ ነው፤ እስኪመጣም ከረጢቱ ከላይ ወርዶ በምድር ቤቱ ወለል ላይ ይደርደር።

ስለ ትዕግስታችሁ አመሰግናለሁ፤ አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።